የአርባ ሁለተኛው ሰው ተራ

እየሩስ ያርጋልን ደባርቅ ውስጥ የማያውቃት የለም ብዬ ብጀምር ውሸት ይሆናል። አብዛኛው ሰው የሚያውቃት "የፎቶ ኮፒዋ ልጅ" ብሎ ነው። መታወቂያ ሊያባዛ ወይም ማመልከቻ ሊያስተይብ ይገባና "ቶሎ በይ እንጂ!" ብሏት ይወጣል። ያቺ ልጅ ከዩኒቨርሲቲ በኮምፒውተር ሳይንስ በማዕረግ መመረቋን የሚያውቅ በጣት ይቆጠራል። ከነዚያ አንዱ እኔ ክንዴ ነኝ። አንዳንዴ እኔም ባላውቅ ይሻለኝ ነበር እላለሁ። ባላውቅ ኖሮ ያንን ሥራ አልሰጣትም ነበር፤ አባቷም በቅሎውን አያጣም ነበር።

እኔ የበቅሎ ባለቤቶች ማኅበር ጸሐፊ ነኝ። ወደ ስሜን ተራሮች የሚወጡ እንግዶች ድንኳናቸውንና ስንቃቸውን የሚያስጭኑት በእኛ አባላት በቅሎ ነው። አባላቱ ስልሳ አራት ናቸው፤ ሥራው በተራ ይደርሳቸዋል። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ተራውን በደብተር ያዝኩ፤ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉም ተሰደብኩ። "ጎረቤትህን አስቀደምህ"፣ "የእኔን ስም ዘለልህ"፣ "ጠጅ ጋብዞህ ነው አይደል!" አንዱማ ከነዱላው ቢሮ ድረስ መጥቶብኛል። እውነቱን ለመናገር አልፎ አልፎ ሳላዳላ አልቀረሁም፤ ሰው ነኝ። ግን የተሰደብኩትን ያህል አላዳላሁም።

እየሩስ የተወለደችው አምባራስ ነው። አባቷ ያርጋል ከጥንት ጀምሮ የማኅበራችን አባል ነው። ያለው ሀብት አንዲት ዳማ በቅሎና ድንጋይ የበዛበት የገብስ ማሳ ነበር። ልጅቱ ከደባርቅ ሁለተኛ ደረጃ እስከ ጎንደር የተማረችው ያቺ በቅሎ እየተጫነች ነው። ያርጋልም ሰው ሁሉ እየሰማው "እኔ ፊደል አልቆጠርሁም፤ ልጄን ያስተማረቻት በቅሎየ ናት" ይል ነበር። ተመርቃ ስትመጣ ሁለት ዓመት ሙሉ ለሥራ ተፈተነች። ስሟ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ "ተጠባባቂ" ተብሎ ይወጣል፤ ተጠባባቂ እንደሆነች ወረቀቱን ዝናብ ያጥበዋል። በመጨረሻ አስፋልቱ ዳር ያለች አንዲት ፎቶ ኮፒ ቤት ተቀጠረች። እስከ ዛሬ እዚያው ናት።

ሥራዋን ያየሁት ደብዳቤ ላስተይብ ስመላለስ ነው። መብራት ሲጠፋ ሌላው በር ላይ ወጥቶ ፀሐይ ይሞቃል። እሷ ግን የተበላሸ ኮፒ ትገለብጥና በእርሳስ ትጽፋለች። ጠረጴዛው ላይ ባቄላ ትደረድርና በጣቷ አንድ በአንድ እየነካች ትሄዳለች፤ ጫፍ ስትደርስ ወደ መጀመሪያው ትመለሳለች።

"ምን እየሠራሽ ነው?" አልኳት አንድ ቀን።

"ፕሮግራም እየሞከርኩ ነው፣ ጋሽ ክንዴ። ይኼ ሉፕ ይባላል። ኮምፒውተሩ አንድን ሥራ ደጋግሞ የሚሠራበት ዙር ነው። እያንዳንዷ ባቄላ አንድ ሰው ናት እንበል፤ እየዞረ 'አንተ ነህ? አንተ ነህ?' ብሎ ይጠይቃል።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ የፈለገውን ሲያገኝ መውጣት አለበት። ማስገባቱ ቀላል ነው፤ እኔን ሁሌ የሚያስቸግረኝ ማውጣቱ ነው። መውጫ ካላበጁለት ሲዞር ይውላል። ያለ ቦታው ካበጁለት ደግሞ ሥራውን ሳይጨርስ ይወጣል።"

ከዚህ ሁሉ እኔ የገባኝ ተራ መጥራት የሚችል መሣሪያ መኖሩ ብቻ ነው። ያ የስድብ ደብተሬ ትዝ አለኝና በደስታ ልቤ ጠፋ።

ስብሰባ ጠራሁ። አባላቱ ነገሩን ተናግሬ ሳልጨርስ ተስማሙ። ኮምፒውተር ዘመድ የለውም፣ ጠጅ አይጠጣም። እምቢ ያለችው እሷ ናት።

"አባቴ ያለበት ዝርዝር ነው" አለችኝ። "ነገ እሱ ቀደም ብሎ ቢጠራ ልጁ ናት ያስቀደመችው ይሉኛል። ሌላ ሰው ይፈልጉ፣ ጋሽ ክንዴ።"

"ደባርቅ ውስጥ ከየት አባቴ ነው ሌላ ሰው የማመጣው?" ብዬ ጮህኩባት። ቁጡ ነኝ፤ ሚስቴም ይህንኑ ትለኛለች።

ሦስት ቀን ተመላለስኩባት። በመጨረሻ እሺ ያለችው አስምላን ነው። ሥራው ካለቀ በኋላ ሦስት የኮሚቴ ሰዎች ካልተቀመጡ በቀር ፕሮግራሙን ላትከፍት እሷ ማለች። ያርጋልን በሚመለከት ማንም ሰው "እስቲ እይልን" ላይላት እኛ ማልን። በዚህ ዘመን እንዲህ ያለ ልጅ አለ ወይ ብዬ ለሰው ሁሉ አወራሁላት። ጉድ የሠራን ያ መሐላ መሆኑን ያኔ ማን ያውቃል?

ፕሮግራሙ ሁለት ወር ያለ እንከን ሠራ። ከእያንዳንዱ አባል ስም ጎን ምልክት አለ፤ ዝግጁ፣ የማይገኝ፣ ለሞተው ደግሞ ያረፈ የሚል። ዙሩ መጨረሻ ከተጠራው ሰው ቀጥሎ ካለው ይጀምርና የማይገኘውን እያለፈ፣ ዝግጁውን እየመረጠ ይሄዳል። የተፈለገው የበቅሎ ቁጥር ሲሞላ ይወጣል። የታተመውን ወረቀት እኔ ግቢ ወጥቼ ጮክ ብዬ አነባለሁ። በኅዳር ሚካኤል ጠዋት ግን አምስት በቅሎ የሚፈልጉ እንግዶች መጡ። ለበዓሉ ሲል ሁሉም አልገኝም ብሎ ነበርና ዝግጁ የነበሩት ሦስት ሰዎች ብቻ ነበሩ። ኮምፒውተሩ ሦስቱን አገኘ። አራተኛውን ሊፈልግ ዞረ፤ የለም። ደግሞ ዞረ፤ የለም። "ሰው የለም" ብሎ ማቆም አያውቅም ነበር። እንግዶቹ ሰዓታቸውን ያያሉ፣ አስጎብኚው እኔ ላይ ይጮሃል፣ እኔ ተጠርታ በመጣችው እየሩስ ላይ እጮሃለሁ። በመጨረሻ ሶኬቱን ነቅላ አጠፋችው። ፊቷ ደም መስሎ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ወረቀትና እርሳስ ይዛ ቢሮዬ መጣች።

"ዙሩ መውጫ ያስፈልገዋል" አለችኝ። "ዝርዝሩ ማለቁን የሚያውቅበት ምልክት ልስጠው። ያረፉት አባላት በእርስዎ ደብተር የት ነው የሚጻፉት?"

ስልክ እያናገርኩ ነበር። ደብተሩን ገልጬ በጣቴ አሳየኋት። ከሕያዋኑ ስም በታች ቀይ መስመር አለ፤ ከመስመሩ በታች ያረፉት አሉ።

"መጨረሻ ላይ" አልኳት።

"ሁልጊዜ?"

"ሁልጊዜ! ማን ሞቶ ከፊት ይቀመጣል?"

እሷም እንደነገርኳት አድርጋ ጻፈችው። ዙሩ ያረፈ ሰው ላይ ሲደርስ የሕያዋኑ ስም አልቋል ብሎ ወደ ላይ ይመለሳል። እንደገና እዚያው ከደረሰ ደግሞ "በቂ ሰው የለም" ብሎ ይወጣል። በኮሚቴው ፊት በባቄላ አሳየችን፤ ያረፉትን በጥቁር ባቄላ መስላ መጨረሻ ላይ ደረደረቻቸው። ሁላችንም ራሳችንን ነቀነቅን። ከዚያ በኋላ ፕሮግራሙ አንድ ቀን እንኳ ደርቆ አያውቅም። እኔም ደብተሬን ሳጥን ውስጥ ቆልፌበት ተገላገልኩ።

ባለፈው ዓመት መስከረም ላይ ዳኘው የሚባል አባላችን ሞተ። ዝርዝራችን የተጻፈው በመንደር ቅርበት ነው። ከደባርቅ ዙሪያ ይጀምርና ወደ ላይ እየወጣ ይሄዳል፤ የአምባራስና የበየዳ ሰዎች ከዝርዝሩ ግርጌ ናቸው። ዳኘው አርባ አንደኛ ነው። አርባ ሁለተኛው ያርጋል ነው።

በእኛ ማኅበር አባል ሲሞት እስከ ሙት ዓመቱ ድረስ ስሙ ከቦታው አይነሳም። ተራው ሲደርስ ጸሐፊው እንደ ሕያው ጮክ ብሎ ይጠራዋል። ግቢ ውስጥ ያለው ሁሉ ባርኔጣውን አውልቆ "ነፍስ ይማር" ይልና ከዚያ ወደሚቀጥለው ይታለፋል። ከቀይ መስመር በታች የሚወርደው ዓመቱ ከወጣ በኋላ ነው። ከአባቶቻችን የተቀበልነው ስለሆነ ሁላችንም እናውቀዋለን። ሁላችንም ስለምናውቀው ማንም ለማንም ነግሮት አያውቅም። እየሩስም ከሕፃንነቷ ጀምሮ ትምህርት ቤት የዋለች ልጅ ናት፤ ከወንዶቹ ጋር ግቢያችን ቆማ ተራ ሲጠራ ሰምታ አታውቅም። እኔም ያን ቀን ስልኬን ይዤ "ሁልጊዜ!" ስላት ይህ ነገር ትዝ አላለኝም።

ከቀብር መልስ ኮምፒውተሩ ላይ ቁጭ ብዬ ዳኘውን እዚያው ቦታው ላይ "ያረፈ" አልኩት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ዙሩ አርባ አንደኛው ላይ ሲደርስ ዝርዝሩ አልቋል ብሎ ይመለስ ጀመር። ከዳኘው በታች ያሉ ሃያ ሦስት ሰዎች ለኮምፒውተሩ የሉም።

እንዴት አላወቃችሁም ትሉኝ ይሆናል። ሚስቴም ትለኛለች። ወረቀቱ የተጠሩትን ስም እንጂ ያልተጠሩትን አያወጣም። ዘመኑ ከፍቶ እንግዳ ስለቀነሰ ተራ የዘገየ ሁሉ እንግዳ ጠፍቶ ነው ይላል። የተዘለሉት ደግሞ የሩቅ መንደር ሰዎች ናቸው፤ በየቀኑ ግቢያችን አይመጡም። ተራ ቶሎ ቶሎ የደረሳቸው የቅርቦቹስ? አንድ ቀን እንኳ "ምነው በዛብን?" ብሎ የመጣ የለም። እነሱን እሰድባለሁ፤ እሰድባለሁና ወረቀቱን ያነበብኩት እኔ መሆኔ ትዝ ይለኛል።

በጥር ያርጋል በቅሎዋን እየነዳ ሁለት ቀን ተጉዞ መጣ።

"ክንዴ፣ እንደምን ሰነበትህ? ተራየ ራቀሳ" አለኝ።

"እንግዳ የለም፣ ያርጋል። አገሩን እያየኸው አይደል? ማሽኑ እንደሆነ አያዳላም።"

"አውቃለሁ እንጅ። ልጄ የሠራችው አይደል?" ብሎ ሳቀ።

አብረን ልጁ ጋ ሄድን፤ እኔም የማስተይበው ነበረኝ። በርጩማ ላይ ቁጭ ብሎ ስትሠራ ብዙ አያት። ስለ ተራ ትንፍሽ አላለም። ሊወጣ ሲነሳ ብቻ "እየሩስየ፣ ገብሱን በረዶ መታው። በቅሎዋም ከሳች፤ ምሰጣት አጣሁ" አላት።

"አባየ፣ እኔ ከነካሁት ተራ አይሆንም" አለች፤ ዓይኗን ከማሽኑ አላነሳችም።

"እኔስ ንኪው አልሁሽ? ሰው እንዲያማሽ አልፈልግም። ደህና ዋይ፣ ልጄ።"

እሱ ከወጣ በኋላ ወደ እኔ ዞረች። "ጋሽ ክንዴ፣ ተራ የዘገየው ሰው ሁሉ ላይ ነው?"

"ሁሉም ላይ ነው" አልኳት። አላጣራሁም፤ አፌን ሞልቼ ነው ያልኳት። እሷም አመነችኝ። ያን ቀን አንድ ጊዜ ደብተሬን ከሳጥን ባወጣ ኖሮ ያርጋል በቅሎውን ይዞ ይኖር ነበር።

አምባራስ ውስጥም ሰው ማጉረምረም ጀምሮ ነበር። ከያርጋል ቀጥሎ አርባ ሦስተኛው ሃብተ ጊዮርጊስ የሚባል ጎረቤቱ ነው። እሱ ሰው አስከትሎ ደባርቅ ሊወርድ ተነሣ፤ ጸሐፊውን ልንጠይቅ ነው ብሎ። የመለሳቸው ያርጋል ነው። "ልጄ የሠራችው ነው፤ አይሳሳትም። እኔስ ተራየን እየጠበቅሁ አይደል?" አላቸው። አባቷ ራሱ ካልተጠራ ሌላው ምን ብሎ ይናገራል? ሃብተ ጊዮርጊስም ተመለሰ። ለበቅሎው ገለባ ባጣ ጊዜ እሷን ልሽጥ ብሎ ያርጋልን አማከረው። ያርጋል "በቅሎ የሸጠ ሰው ከተራ ይወጣል፤ ታገሥ፣ ይደርሳል" አለው። ሰውየው ከሁለት በሬዎቹ አንዱን ሸጠና በቅሎውን አስቀረ። አሁን በአንድ በሬ አይታረስም፤ እርሻውን በእኩል ለሌላ ሰጥቷል።

ያርጋል የሚሸጠው በሬ አልነበረውም። እስከ ሁዳዴ መጨረሻ ታገሠ። ከፋሲካ በኋላ ባለችው ሳምንት ያቺን ዳማ በቅሎ ከአዲ አርቃይ ለመጣ ነጋዴ ሸጣት። ለእየሩስ በሰው ስልክ ደወለላት። ስልኩን ዘግታ ሥራዋን ቀጠለች፤ መታወቂያውን ሁለት ኮፒ አንሺልኝ ላላት ሰው ሃያ አንስታ ሰጠችው። ሰውየው ሲቆጣ ማልቀስ ጀመረች። እሱ በራሱ ቁጣ ያለቀሰች መስሎት ይቅርታ ጠይቋት ወጣ።

ሁለት ሳምንት አለፈ። የዳኘው ሚስት ባንቻየሁ ጥቁሯን እንደለበሰች ቢሮዬ መጣች። እየሩስ የተተየበ ደብዳቤ ልታደርስልኝ መጥታ በር ላይ ቆማ ነበር።

"አቶ ክንዴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ ነው" አለች ባንቻየሁ። "ባለቤቴ ምን በደላችሁ?"

"ዳኘው? እሱማ ማንን ይበድላል?"

"ታዲያ ስሙን ስለምን አትጠሩትም? ስምንት ወር ሆነው። ግቢያችሁ የሚመጣውን ሁሉ እጠይቃለሁ፤ 'ዛሬስ ተጠራ? ነፍስ ይማር ተባለ?' እላለሁ። አልተባለም ይሉኛል። እንግዳ ቀነሰ ትላላችሁ፤ ይቀንስ። እሱን የሚቀድሙት ሰዎች ግን ሦስት አራቴ ተጠርተዋል። ተራው እሱ ጋ ሲደርስ ወዴት ነው የሚሄድ?"

ከመስከረም ወዲህ ያለውን በልቤ ቆጠርኩ። እውነትም ዳኘው ከሞተ ወዲህ አንድ ቀን ባርኔጣ አውልቀን አናውቅም።

"ያረፈ ሰው ስሙ ይጠራል እንዴ?" አለች እየሩስ ከበር።

"እንዴት አይጠራ፣ ልጄ? እስተ ሙት ዓመቱ ተቦታው አይነሳ። እንደ ሰው ተጠርቶ ነው የሚታለፍ" አለቻት ባንቻየሁ።

"ከቦታው አይነሳም?" ልጅቱ የጠየቀችው ባንቻየሁን አልነበረም። የምታየው እኔን ነው። "ጋሽ ክንዴ፣ ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ነው አላሉኝም?"

እየሩስ ደብዳቤውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ግድግዳውን ተደገፈች። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አያለሁ፤ አርባ አንድ፣ አርባ ሁለት እያለች ነበር።

ኮሚቴውን በዚያው ዕለት ሰበሰብኩ። መሐላው መሐላ ነውና ሦስት ሰው ሳይሟላ ፕሮግራሙን አልከፍትም አለች። ሦስተኛው እስኪመጣ ድረስ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ጠበቀች። ከዚያ ባቄላውን ደረደረችና አርባ አንደኛው ላይ ጥቁሯን አስቀመጠች። በጣቷ መጣች፣ መጣች፣ ጥቁሯ ላይ ደረሰች፣ ተመለሰች። ሃያ ሦስት ባቄላ ጣት ሳይነካው ቀረ። ከኮሚቴው አንዱ "ይኸ ሁሉ ሰው?" አለ።

የሚስተካከለው አንዲት መስመር ነበር። "ያረፈ ሰው ላይ ስትደርስ ተመለስ" የሚለውን "ስሙን አትምና እለፍ" አለችው። ማለቁን ደግሞ የስልሳ አራቱንም ስም አንድ ዙር ሲጨርስ ይወቅ አለችው። ከሁለት ደቂቃ አይበልጥም። መጨረሻ የተጠራው አርባኛው ሰው ነበርና ልትሞክረው አንድ በቅሎ ብላ አዘዘችው። ማተሚያው ሁለት ስም አወጣ። መጀመሪያ ዳኘው። ከሥሩ ያርጋል።

ለማን ልንጠራው? ከሁዳዴ ወዲህ መንገዱ አያስተማምንም እየተባለ አንድም እንግዳ አልመጣም። ቢመጣስ ያርጋል በምን ይጭናል? እሷ ግን ራሴ ሄጄ ካልነገርኩት አለች። እኔም ዓይኔን በጨው አጥቤ አብሬያት ወጣሁ። የእህል መኪና ላይ ተሳፍረን፣ የቀረውን በእግራችን ሄድን። መንገዱን ሙሉ አንድ ጊዜ ብቻ ተናገረች። "በጥር አባቴ ሲመጣ ብከፍተው ኖሮ ወዲያው አየው ነበር" አለች።

ያርጋል የፈረሰ የድንጋይ አጥር ሲክብ አገኘነው። ሊስማት ሲመጣ በእጇ አስቆመችው።

"አባየ፣ አስቀድመህ ስማኝ። ተራህ የዘገየው እንግዳ ጠፍቶ አይደለም። እኔ ነኝ። ኮምፒውተሩ የሞተ ሰው ላይ ሲደርስ እንዲመለስ አድርጌ ጻፍኩት። ከመስከረም ጀምሮ ዳኘው ላይ እየደረሰ ሲመለስ ነው የከረመው። አንተ ጋ አንድ ጊዜም አልደረሰም።"

"በደንብ ያልነገርኳት እኔ ነኝ" አልኩ። ያርጋል ወደ እኔ አልተመለከተም።

"እኔ ብቻ ነኝ?"

"ሃያ ሦስት ሰው ነው። ከአንተ ጀምሮ ወደ ታች ያላችሁት ሁሉ።"

የያዘውን ድንጋይ አጥሩ ላይ አስቀመጠውና ከጎኑ ተቀመጠ። ይቆጣል ብዬ ነበር፤ ቢቆጣ በወደድኩ።

"እኔ እኮ ዕድሌ ነው ብየ ነበር የምተኛ" አላት። "እግዜር ያለው ነው እያልሁ። ያችን በቅሎ የሸጥሁ ለት እንኳ እንዲያ ብየ ነው የተኛሁ። አሁን ምን ብየ ልተኛ፣ ልጄ?"

እየሩስ እግሩ ሥር ተንበርክካ አለቀሰች። እሱ አታልቅሽ አላላትም። ጋቢውን ከአጥሩ ላይ አነሣና ቆመ።

"ሃብተ ጊዮርጊስ በሬውን የሸጠ በእኔ ቃል ነው" አለ። "ተሌላ ሰው መስማት የለበትም። ተነሽ።"

የሃብተ ጊዮርጊስ ቤት ከያርጋል ቤት ሁለት አጥር ነው። ሰውየው ደጁ ላይ ቆሞ ነበር። መጀመሪያ ያርጋልን አየ፣ ቀጥሎ ልጁን፣ ከዚያ እኔን። አንድ ጸሐፊ ከደባርቅ ድረስ በእግሩ መጥቶ፣ ያውም ከፕሮግራሙ ባለቤት ጋር፣ ሌላ ምን ሊል ይመጣል? ፊቱ በራ።

"እሰይ! እንኳን እግዜር አመጣችሁ! ደረሰ በሉኛ!" አለ። "ያርጋል፣ አንተ ብለኸኝ ነበር፤ ልጄ አትሳሳትም ብለኸኝ ነበር! እኔ ነኝ ክፉው፣ አንድ ሁለት ቀን ጠርጥሬያት ነበር። ይቅር በይኝ፣ የኔ ልጅ። ቆዩኝ፣ መጣሁ!" ብሎ ወደ ጋጣው ሮጠ።

ያርጋል ሊያስቆመው እጁን ዘረጋ፤ አልደረሰበትም። እየሩስ "ጋሼ፣ ይስሙኝ" ስትል ድምፅዋ ለእኔም በቅጡ አልተሰማኝ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ስም ስጠራ የኖርኩ ሰው፣ የሱን ስም ጠርቼ "ተመለስ" ማለት አቃተኝ። ሃብተ ጊዮርጊስ መጫኛውን ትከሻው ላይ አድርጎ በቅሎዋን እየሳበ ወጣ።